ሌላው ቀለም

ፖስተኛው ሁለቴ ደወለ፤ ዘገየሁ፣
በበሩ ቀዳዳ በቀኝ ዓይኔ አየሁ፦
ዝናብ ያረገዘ የማትሱያማ ሰማይ፣
በክንዱ ያቀፈው ካርቶን፣ ልጅ መስሎ ሲታይ።
«ኩራሞቺ ቶኩጂ?»
«ነኝ።»
«እዚህ ጋ ይፈርሙ።»
ፈረምኩ፤ ዓሥራ አራት ወሮች በጥበቃ ከከረሙ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ትራም የነዳሁ ሰው፣
ሁለት ደቂቃ ስዘገይ ሆዴን የሚቆርጠው፣
ቁመቷ ስንዝር ለሆነ የፕላስቲክ ልጅ፣
ዓመት ከሁለት ወር ስጠና ከረምኩኝ ደጅ።

«አሻንጉሊት!» አለች እህቴ ፉሚዬ፣
ሻይዋ ትን እስኪላት። «አይደለችም» ብዬ
አላበቃሁም፤ ነገርኳት። ሱዙሆ ናት እሷ፣
ፋኖስ በእጇ፣ ነፋስ በቀሚሷ፣
ጎርፍ ድልድዩን በወሰደበት በዚያ የአኒሜ ሌሊት
የመጨረሻውን ባቡር ልታስቆም የምትሮጥ ፊት ለፊት።
ነጂ ነበርኩና፣ ባየኋት ቁጥር
እግሬ ፍሬን ይፈልጋል ከሶፋው ሥር።

የድሮዋ ሱዙሆ ቀሚሷ ማር ነበር፣
መደርደሪያዬ ላይ ስድስት ዓመት ስትኖር።
ይህቺ «የንጋት ቀለም» ናት፦ ያው ልጅ፣ ያው ሩጫ፣
ቀሚሷን ብቻ የለወጠች፣ ለእንደኔ ያለ ተላላ ገንዘብ ማውጫ።

ስኮቹን ቀደድኩት በስለት፣ በቀስታ፣
ዶክተር ሺኖሚያ በቀኝ ዓይኔ ላይ ማክሰኞ ለታ
እንዳደረገችው። ሞራ ገላጭ ጥንት
ከበግ ሆድ ዕቃ ነው የሚያነበው የነገን ዕለት፤
እሷ ግን ከኔው ዓይን ሞራውን ገለጠች፣
ነገን አላነበበችም፤ ዛሬን አሳየች።
የቀኜ ጨርቅ የተነሣው ገና ዛሬ ጧት ነው።
ግራው ተራ ይጠብቃል፤ ለሚመጣው ማክሰኞ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ካርቶን፤ ያም ውስጥ ደግሞ ሌላ፣
ከብርጭቆ የጠራ ፕላስቲክ ከኋላ።
ስስ ላስቲክ በአንገቷ፣ ስስ ላስቲክ በጉልበቷ፣
በትንሽ ከረጢት፣ እንደ ኪኒን፣ ለብቻው መብራቷ።
የአዲስ ቀለም ሽታ፣ የፋብሪካ ትንፋሽ፤
በሁለት ጣቴ ያዝኳት፣ ላቤ እንዳያበላሽ።
እግሯን መቆሚያው ላይ ሰካሁት። ቀጭ አለች።
ከማር ለባሿ እህቷ ጎን ቆመች።
ነጭ ናት፤ ጠርዟ ዳር ዳሩን ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፣
ጎህ ሲቀድ ከሐዲዱ ላይ የሚነሣ ጉም ይመስላል።

ከዚያ ቀኜን አሳከከኝ። በመዳፌ ጋረድኩ።
ክው አልኩ።
በግራዬ ሳያት ነጭ ቀሚስ የለችም፤
ማር ናት፤ ከእህቷ አልተለየችም።
ቀኝ፦ ንጋት። ግራ፦ አመሻሽ። ቀኝ። ግራ።
እንደ ሐዲድ ማቋረጫ መብራት፣ በየተራ።
ዓሥራ ስምንት ሺሕ የን ለቀለም ከፍዬ
ግማሹን ዓይኔ በላው፤ ማንን ልክሰስ ብዬ?

በቀኜ ወደ ድሮዋ ዞርኩ። ማሯም ማር አይደለም፤
ፈዛዛ ሎሚ ናት። ማር የሚባል ቀለም
ከፋብሪካ አልወጣም። ስድስት ዓመት ሙሉ
ማር ያልኩት ሞራ ነው። የጣፈጠኝ ሁሉ፦
የወደቡ ውሃ፣ ጡረታ የወጣሁበት ምሽት፣
መጨረሻው ፌርማታ ያጨበጨቡልኝ የተማሪዎች ፊት፤
በዚያ ቅባት ጠብሶ ነው ዓይኔ ያቀረበልኝ፣
እኔም ሳልጠይቅ በላሁት። ጣመኝ።

ፉሚዬ ደወለች፦ «የቷ ነች አዲሷ?»
«እንደ ዓይኑ ነው» አልኳት። ዘጋችው እሷ።

ካርቶኑን አልጣልኩም፤ ቁም ሣጥን ከተትኩት።
ቀጠሮውን ልሰርዝ ስልኩን አነሣሁት፣
መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኞ ማታ የግራ ዓይኔ የመጨረሻ ጉዞ ነው።
ቀኜን በመዳፌ ሸፍኜ እቀመጣለሁ፤ ከሶፋው
ፊት ለፊት ሁለት ልጆች፣ ማር ከማር ጋራ፣
ፋኖሳቸው ሲበራ፣
ይሮጣሉ ወደኔ።
እግሬ ወለሉን ይዳስሳል።
ፍሬን የለም።