ከሥር የሚመጣ

አምና ጥቅምት፣ ከጮቄ ጥግ፣ ከጓሳው መሐል፣
ያደርሁት ሰሌን ላይ፤ ሰሌን ምን ያደርጋል!
ከላይ ባና ደርቤ፣ ከባናው ላይ ጋቢ፣
ብርዱ ግን ከሥር ነው፣ እንደ ሌባ ገቢ።
መሬቱ ሙቀቴን ሲመጠው፣ ሲመጠው አድሮ፣
ጎሕ ሲቀድ ድኩላው መጣ፣ ቀንዱን አሳምሮ፤
ጣቴ ምላጩን ሳተው፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣
ጥይቱ ድንጋይ መታ። ድኩላው አመለጠ።
«በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲሉ የሰማሁት፣
ለካ የራሴን ነው፣ ለብርድ ያስጋጥሁት።

ዘንድሮ ድጓ ጽዮን ወጣሁ፣ መኝታ ልመርጥ።

ነጋዴው ስፖንጁን በመዳፉ ተጭኖ፣
«ይኸው፣ ተመለሰ!» አለኝ ተማምኖ።
መዳፍ ግን ዳሌ አይደል። አንጥፌ ጋደም አልሁኝ፣
ከበግ ተራው ዳገት፣ ገበያው እየሳቀብኝ፤
ጠጠሩ ከሥር ሆኖ ጎድኔን ቆጠረልኝ።

ጀንዲውስ? ውርጭ ሲነካው እንጨት ሆኖ ይደርቃል፣
በተገላበጥሁ ቁጥር እንደ ከበሮ ይጮኻል፤
አውሬ የሚያስበረግግ መኝታ ምን ይረባል?

እንጉዳይ አጎዛ አወጣች፣ የሁለት ሙክት፣ የተሰፋ፣
«ጠጉሩን እፍ በለው» አለችኝ፤ ብነፋው ቆዳው ጠፋ።
አልተከራከርሁም። ይርሳው ግን «ተበላህ!» እያለ፣
ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጭድ መጠቅጠቅ ቀጠለ።

ኅዳር ላይ ወጣን። ጓሳ አጭጄ ጎዘጎዝሁ፣
ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ፣ ተዘረጋሁ።
የሰጠሁትን ሙቀት መልሶ ሲያበድረኝ፣
እንቅልፍ እንደ ደራሽ ውኃ ይዞኝ ሄደ፣ ወሰደኝ።

ስነቃ ረፍዷል። ከእግሬ ክንድ በማይሞላ፣
ውርጩ ላይ ተጽፏል የድኩላው ኮቴ፣ ገና ሳይሟሟ።
ይርሳው ቁጢጥ ብሎ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል።
«አየኸው?»
«አየሁት። እጄ እምቢ አለኝ» ይላል።
ጭዱን ከፀጉሩ አራገፈ።
ጠጋ አልሁለት። አጎዛው ለነገሩ የሁለት ሙክት ነው።