ወጣ ወይ?

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ባዶ ጄሪካን በር ላይ ቆሞ፣
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ፤
«ስምንት ሺህ ቃል፣ አይበልጥም» ይላል የመጽሔቱ ደብዳቤ።
ለማለፍ የጻፍኩትን ሁሉ ለመነበብ ልቀንሰው አስቤ
መጀመሪያ ምስጋናው ሄደ። ቀጥሎ የዳሰሳው ምዕራፍ፣
አማካሪዬ ደስ ይበለው ብዬ የደረደርኩት ስም በሰልፍ።
ያ አልከበደኝም።

ምዕራፍ አራት ላይ ግን እጄ ተያዘ፦
ኦቦ ቱፋ፣ ከአቃቂ ማዶ፣ በቋጠረው ገመድ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ፣
የጉድጓዱን ውሃ ለክቶ በልጁ ደብተር የጻፈ።
አራት ገጽ ነበረው፤
አሁን «ነጥብ ሰባት» ተብሎ በሠንጠረዥ ታለፈ።

የመጋቢት ዐሥር ቀናት ባዶ ናቸው። ገምጋሚ «ለምን?» ይላል።
ሚስቱን የቀበረ ሰሞን ነው፤ ይህ በየትኛው ዓምድ ይገባል?
«መረጃ አልተሰበሰበም» አልኩ።
ሁለት ቃል በቃው ያ ሐዘን።

ማታ ደወለ። «ወጣ ወይ?» አለኝ፣ ውሃ እንደሚጠብቅ ሰው።
«ገና ነው፣ ኦቦ ቱፋ። እየቆፈርኩ ነው።»
ዝም አለ ትንሽ።
«አፈሩንስ የት ደፋሽው?»