ጠረጴዛ አራት

መናኸሪያው ከተነሣ ወዲያ፣ ደብረ ሲና የሚቆም መኪና
ሦስት ሲሆን ሁለት፣ ሁለት ሲሆን አንድ፣ የጣርማበር ጉም ብቻ ቀረና፣
«በቃ» አለ አባዬ። ሌላ ቃል አልወጣው።
ወንበሩን የገዛው ሰው ነገ ነው የሚመጣው።

ታፔላውን ነቀልኩት፤ ከሥሩ ግድግዳው ነጭ፣
ሃያ ሁለት ክረምት ያልነካው፣ ተደብቆ የኖረ ከውጭ።
ዘይት የጠጣው የዱቤ ደብተር፦ «ተካልኝ ያይሱዙው፣ ሁለት ጥብስ፣ አንድ ሻይ»፤
እማዬ ገጹን ለእሳት ሰጠች፤ «ይክፈለን» አለች «በሰማይ»።

ያን ማታ አራታችን ባራት ቁጥር ጠረጴዛ
ተቀመጥን፤ እንግዳ ሆንን እንደ ዋዛ።
በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ሆኖ አያውቅም፤
አንዱ ቁጭ ካለ አንዱ ይቆማል፤ አራታችን አንድ ላይ አንጎርስም።
ሽሮው ወጥ ቤት ይንተከተካል፤ የሚያቀርብ ግን የለም፤
ትርንጎ ልትነሣ ስትል እማዬ ያዘቻት፤ «የለም!»

እና አጨበጨበች፣
እሷ! እንደ ቸኮለ መንገደኛ፣
ሁለቴ፤ ፊቷን ሳትፈታ ለኛ።

አባዬ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ፤
«አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» አለ።

«ያለውን» አለችው። ገባ፤ ቆየ፤ ቆየብን።
ውጭ ክላክስ ጮኸ፤ ማናችንም አልተነሣን።
ሽሮው አርሮ መጣ፤
በላን።