መልስ

ኮምቦልቻ፣ ከፓርኩ በር ማዶ፣ አንዲት ኮፒ ቤት አለችኝ፤
ጠባይ እያባዛሁ ስሸጥ፣ እሷው ናት ያኖረችኝ።
አንዱ ገጽ አምስት ብር። ፋብሪካው ሰው ሲቀጥር
አርባ ጥያቄ አለው፣ የሆድን የሚቆጥር፦
“አለቃህ ቢሰድብህ?” “ባልደረባህ ቢሰርቅ?” “ተቆጥተህ ታውቃለህ?”
መልሱ እኔ ዘንድ ነው፤ ትገዛለህ፣ ትሸመድዳለህ።

ማክሰኞ ሰባ ሰው ገባ፣ ሰባውም አንድ ሰው መስሎ፣
ቁጣውን እኔ ደጅ እንደ ላስቲክ ጥሎ፣
“በጭራሽ” ብሎ።

ሉባባ ብቻ ተመለሰች፣ የቆመችበትን ሰልፍ ጥሳ፦
“መልሱ ተሳስቷል!”
ክው አልኩ። ስንተኛው ይሆን? አሥራ ሁለት? ሠላሳ?
ወረቀቱን ሳገላብጥ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች፤
“ሃምሳ ሰጥቼህ ዘጠና አምስት? ወላሂ፣ ዓይንህ የት ነው?” ብላ ጮኸች።

ፈተናውን ወደቀች።
“ተቆጥተሽ ታውቂያለሽ?” ለሚለው
“ዛሬ ጠዋት” ብላ ጽፋለች አሉ።
እኔን ነው።

አሁን ማሽኑ ወረቀት ሲያኝክ እሷ ናት የምትጮህበት፤
የገንዘብ መሳቢያውም፣ ቁልፉ እሷ አንገት ላይ ነው ያለበት።
የመልሱን ወረቀት ግን አልሸጥም ብላ ደብቃዋለች፤
የት እንዳለ
እስካሁን አልጠየቅኳትም።