የገጽ ዘጠኝ ነጥብ

ዊበ ሁክስትራ በሃያ ዓመቱ፣
ወደብ መደወል ነው የመጀመሪያ ሹመቱ።
«ስንዴ ስንት ዋለ? ገብስስ ስንት አደረ?»
በሮተርዳም ጭጋግ፣ እንዲህ ነው የጀመረ።
ከስልኩ ማዶ የሚመልሰው የክሬኑ ሰው፣ ቃሉ ቁጥብ፣
ሳል የማይለቀው፤
ዊበ በገጽ ዘጠኝ አምድ ይደረድራል፣ ቁጥር በቁጥር፣ ነጥብ በነጥብ።

አንድ ማክሰኞ ግን አንዲት ነጥብ ሸሸች፤
አንድ ቤት ወደ ቀኝ ተንፏቅቃ አመሸች።
የአንድ ቶን ስንዴ ዋጋ አሥር እጥፍ ሆኖ አደረ፤
ገና ሳይነጋ ስልኩ ሁሉ አበረ።
አለቃው ትሪንትየ አልጮኸችበትም፤
እርሳሷን ቀርጻ ሰጠችው፣ ዐይኑን አላየችም፦
«አምድ ምሰሶ ነው፤ ከሥሩ ሰው ይተኛል፤
ምስጥም፣ ልብ በል፣ ነጥብ ያህላል።»

ከዚያ ወጣ፣ ወጣ። ስለ ብረት ጻፈ፣ ስለ መርከብ መድን፤
ሚኒስትር ሲወድቅ አየ፣ ኩባንያ ሲድን።
ሁለት ዓመት ብራስልስ፣ ፍራንክፈርት አራት፣
የባንክ ሹማምንት በስሙ ጠሩት ለራት።
ዋና አርታኢ ሆኖ ተመለሰ፤ ወንበሩ የሚሽከረከር፣ መስኮቱ ወደብ የሚያይ፤
ስልኩን ግን የምትደውለው ሌላ ልጅ ናት፣ ከታች ፎቅ ላይ።

ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።
ኅዳር ነው፣ ዓርብ ማታ፤ ሰነዱን ይዤ ደረጃውን በሩጫ፦
የወደብ ሠራተኞች የቁጠባ ባንክ ካዝናው ባዶ ነው፣ ቁልፍ ብቻ።
ስልኩ ጮኸ። የራት ወዳጁ፦ «እስከ ሰኞ፣ ዊበ። እስከ ሰኞ ብቻ።»
ማተሚያው ከሥራችን ወለሉን ያንቀጠቅጣል።
ዊበ ሰዓቱን አየ፤ እኔን አላየኝም።
ዜናዬን አነሣው፤ በቦታው የአበባ ጨረታ ገባ፤ ምንም አላለኝም።

ሰኞ ስናትመው ዐዋቂው አውጥቶ ጨርሷል፤
ወለድ የተባለው ለወላጁ ደርሷል።
ሰልፉ በዝናብ ነው። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣
አንድ ሽማግሌ ያስላል፣ ግንቡን ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ።
ዊበ ከመንገዱ ማዶ ቆመ።
ፊቱን አያውቀውም።
ሳሉን ግን ዐወቀው።

በገጽ ሁለት ግርጌ እርማት እናወጣለን፣ ስም ሲጣመም፣ ነጥብ ስትሸሽ፤
ለሦስት ቀን ዝምታ አምድ የለንም።

ባለፈው ኀሙስ ጡረታ ወጣ። ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር በዛ፤
የትሪንትየን እርሳስ፣ አውራ ጣት የማታክለዋን፣
ሲሰጠኝ መዳፉ ወዛ።
«ወደብ ደውዪ» አለኝ፣ «እንደ ድሮው።»

ደወልኩ።
መሣሪያ ነው የሚመልሰው፦ ለስንዴ አንድን ይጫኑ፣ ለገብስ ሁለት።
ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤
ሳል የለበት።