ሦስት የሚወድ ቀንድ

ሸዋ በር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ጀርባ፣
ቆርቆሮው በር በግማሽ ወርዶ፣ ጉሙ በግማሹ ሲገባ፣
አራት ሆነን ተቀመጥን አንድ አገር ልንሠራ።
አገሩ ገና ስም የለው፤ ያለው አንድ ተራራ።

ተራራውን ከጦሳ ነው የቀዳነው፣ አንክድም፤
ብቻ የእኛው በእግሩ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ አያረፍድም።
ጠዋት መስኮት ስትከፍት ካርታህ ዋሽቶህ ታገኘዋለህ፣
ቀደህ እንደገና ትስላለህ።
ይህ የትርሲት ሐሳብ ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተነቃነቀ ተራራ ያስመረራት።

ደብተሩን ከተበላሸ ኮፒ ሰፋሁት፤ ፊቱ የሰው የውክልና ደብዳቤ፣
ጀርባው የእኛ ሕግ፣ ቁጥር የሰጠሁት ሌሊት ሌሊት አስቤ።

ይመር ባጃጅ ይነዳል። ወያላን ያመጣው እሱ ነው፦
«ሰይፍ አልያዘም፣ አስማት የለው፤ ጉልበቱ ድምፁ ብቻ ነው።
አንዴ ‹ሐረጎ! ሐረጎ!› ካለ የተዘጋ መንገድ ይከፈታል፣
ዘንዶውም ቢሆን ሂሳብ ከፍሎ ጠጋ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል።»
ሳቅን። ጻፍነው። ገጽ አራት ላይ አለ፣
ከሻይ ብርጭቆ ክብ ሥር፣ ቀለሙ እየዋለለ።

ዳይሱን የቀረጸውም ይመር ነው፣ ከበሬ ቀንድ፣
ከኮምቦልቻ ቄራ ደጅ ያነሳው አንድ ማለዳ፣ ድንገት ሲሄድ።
ስድስት ገጽ አለው፣ ነጥቡ በጋለ ምስማር የተወጋ፤
ሦስት ግን ይወዳል። ብትጥለው ሦስት፣ ብታሾረው ሦስት፣ ሲመሽም ሦስት፣ ሲነጋ።
«ይጣል!» አለች ትርሲት፤ «ሚዛን የለው፣ ያጭበረብራል!»
«ምን ያድርግ፣» አለ ይመር፣ «ግትር በሬ ሞቶም ይከራከራል።»
ሕግ ሆነ፦ ሦስት የጣለ ሁሉ በሬውን ይቅርታ ይጠይቅና
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፤ ከዚያ ይጀምራል እንደገና።

የተጣላነው በነፍስ ነው።
እኔ ለእያንዳንዱ ሰው
አሥር አሥር ነፍስ አድዬ ነበር፣ በእርሳስ፣ በሠንጠረዥ።
ረቂያ ዝም ብላ አየችው። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣
ካርድ ክፍል፤ ስም ነው ቀኑን ሙሉ የምትጠራው፤
አንዳንዱን ጠርታ ጠርታ አቤት የሚላት አጥታ ታውቃለች።
ላጲሱን አነሳችና ከአሥሩ ዜሮዋን ብቻ አጠፋች።

«አንድ ነፍስ?» አለ ይመር። «ጨዋታ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?
ገና ዋሻው አፍ ላይ አለቁ፣ ምን ሊተርፈን ለእኩለ ሌሊት?»
«አንድ፣» አለች። «ግን የወደቀ ወዲያው አይሞትም። ይሸከሙታል።
ሁለት ሰው ቃሬዛ ይይዛል፣ እርምጃቸው በግማሽ ይቀንሳል።
ወያላው ትንፋሹን ይቆጥብ። ሰይፍ ያለው ሰይፉን ይጣል፤
በሁለት እጁ ቃሬዛ ይዞ በየትኛው እጁ ይዋጋል?»

ስለዚያ ጥቅምት ማንም አላነሳም።
ይመር መዳፉን ገልብጦ አየ፣ አንድ ነገር እንደ ቀረበት፤
ውጭ አንድ አይሱዙ ማርሽ ለወጠ፣ ዳገቱ እየከበደበት።

ቅዳሜ ማታ ሞከርነው። መብራት ሄዷል፤ በስልክ ባትሪ፤
አራት ቆርኪ፣ አራት ነፍስ፤ ረቂያ ናት ቆጣሪ።
በአምስተኛው ዙር የእኔዋ ቆርኪ አዝዋ ገደል ወደቀች
(አዎ፣ የገደሉን ስም እንኳ አልቀየርነውም)፤
በሁለት የክብሪት እንጨት መሃል ሽቅብ መጓዝ ጀመረች።
ዘገየን። ዘንዶው ሲጠብቀን አንቀላፋ መሰለኝ፤
ተራራው ሁለቴ ተነሥቶ ሄደ፤ እኔን ግን ማንም አልጣለኝ።
አሥር ነፍስ ቢኖረኝ ኖሮ አንዷን ጥዬ እሮጥ ነበር፤
ማን ያኔ ጎንበስ ይል ነበር፣ ለአንዲት ቆርኪ፣ ከአፈር?

ሐኪሟ ዘንድ ለመድረስ አራት ይበቃናል፣ ወይም ከዚያ በላይ።
ይመር ቀንዱን ወረወረው፤ ነጥሮ ወረደ ከጠረጴዛው ላይ፣
ከኮፒ ማሽኑ ሥር ገባ። አራታችንም በሆዳችን
ተኛን፣ አቧራ እየቃምን፣ አንድ ስልክ በመሃላችን።
ብርሃኑ ገና አልደረሰበትም። ነጥቡን ማንም አላየው፤
ይመር ግን፣ ግንባሩ ሲሚንቶው ላይ፣
በሬውን ይቅርታ ጠየቀው።