ቀይ እስክሪብቶ

ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ክፍል ከርሜ፣
በሰው ፋይል አቧራ አስምም ታምሜ፣
ኮምፒውተር ሲገባ ቀድሜ ያጨበጨብኩ እኔ ነኝ፤
መሰላል ስወጣ ወገቤን ስለሚያመኝ።

ዳንጊሶ ዓሣ አጥማጁ እግሩ አብጦ መጣ።
«የተወለድክበት?» አለው ልጁ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያወጣ።
«ሐይቁ ሞልቶ ሾላው ሥር የደረሰ ጊዜ።»
ሣጥኗ ቁጥር እንጂ ሾላ አትቀበልም፤
ልጁ መስከረም አንድ አለ፣ ሌላ አልጠየቀም።
እንዲህ እንዲህ ሲባል የሐዋሳ እኩሌታ
በመስከረም አንድ ተወልዷል ባንድ ማታ።

ስሙም ሁለት ቦታ፦ አንዱ «ደንጊሶ»፣ አንዱ «ዳንጊሶ»፤
አንዱ ስኳር አለበት፣ አንዱ አልታመመም ጨርሶ።

መብራት ጠፋ።
ስክሪኑ የሐይቅ ዳር አባ ኮዳ መሰለ፣
ቆሞ ያያል እንጂ አንዲት ቃል አላለ።
ነርስ ታደለች መርፌውን ቀድታ ጨርሳለች።

ያን ካርድ አውቀዋለሁ።
በባትሪ ምድር ቤት ወርጄ አገኘሁት፣ ጥጉን አይጥ በልቶ፤
«ፔኒሲሊን እንዳትወጉት!» ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ።
የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው።
ወደ ማሽን ሲገለበጥ ቀዩ ብቻ ቀረ፤
ለቀይ የሚሆን ቦታ ፎርሙ ላይ መቼ ነበረ?

ወረቀት ይመለስ አልልም፤ ወረቀትም ይበላል።
ግን አዳማ ልጁ ዘንድ ሄዶ፣ ድንገት ቢያመው ማታ፣
ቀዩ ቀድሞት ይድረስ፤
የሐኪሙን እጅ ይያዝ፣ ከመርፌው በፊት ላንዳፍታ።
ከቁጥሩም ጎን ትኑር አንዲት ጠባብ መስመር፣
ሐይቁ ሾላው ሥር መድረሱን የምትመሰክር።

መብራት ሲመጣ ልጁ ካርዱን ከእጄ ተቀበለ፤
«ቀዩን የት ልጻፈው?» አለ።